ብርሃኑ ከጉባ፣ ኔትወርኩ ከየት? ቤኒሻንጉል ጉሙዝና የዲጂታል ክፍተት



ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ከተቀመጠ ከ14 ዓመታት በኋላ፣ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ግድብ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ መተከል ዞን፣ ጉባ ወረዳ ላይ ቆመ። አልሐምዱሊላህ። ቦንድ የገዛው አርሶ አደር፣ ደመወዙን የሰጠው ሠራተኛ፣ ከሱቁ ያዋጣው ነጋዴ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የደስታው ባለቤት ነው።

ይሁንና በዚያው ክልል ዛሬም ስልኩን ቻርጅ ለማድረግ እስከ ገበያ ቀን የሚጠብቅ አለ። ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ የሚወጣ አለ። ልጁ ፈተና ማለፍ አለማለፉን ለማወቅ ከተማ ሰው የሚልክ አባት አለ። የኃይል ምንጩ ከደጁ ሆኖ ብርሃኑም መስመሩም ገና ያልደረሰው ሰው ብዙ ነው። ከሀገሪቱ ሕዝብ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ገና ግማሽ ያህሉ መሆኑን ስናስብ፣ ጥያቄው የአንድ ክልል ብቻ አለመሆኑ ግልጽ ነው። በዚህ ጽሑፍ ግን ዓይናችንን አሶሳና አካባቢዋ ላይ አድርገን እንመልከተው።

አሶሳን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የክልሉ ሕዝብ 784,345 ነበር፤ ከዚህ ውስጥ 45 ከመቶ የሚጠጋው ሙስሊም ነው። የበርታ ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም ነው፤ ከሱዳን ጋር የቆየ የንግድ፣ የጋብቻና የዲን ትስስር አለው። በ1977ቱ ድርቅ ዘመን በሰፈራ ከወሎ የመጡ ብዙ ቤተሰቦችም እዚያው ወልደው ከብደዋል። ዛሬ ደግሞ ከሱዳን ጦርነት የሸሹ ወንድምና እህቶቻችን በኩርሙክ በኩል ገብተው በአካባቢው ተጠልለዋል። ስለዚህ የአሶሳ ጉዳይ የሁላችንም ጉዳይ ነው።

ክፍተቱ አንድ ሳይሆን አራት ነው

«የዲጂታል ክፍተት» ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የኔትወርክ ማማ መኖር አለመኖሩን ነው። ማማው የመጀመሪያው ደረጃ ብቻ ነው። ማማው ቢተከልም መብራት ካልኖረ ስልኩ ይዘጋል። መብራቱ ቢመጣም ስማርት ስልክ የሚገዛበት ገንዘብ ከሌለ አገልግሎቱ በሩቅ የሚታይ ነገር ሆኖ ይቀራል። ስልኩ ቢገዛም የሚከፈተው ነገር ሁሉ በማያውቁት ቋንቋ ከሆነ አይጠቅምም። ቋንቋው ቢገባም እንዴት እንደሚጠቀሙበትና ማንን ማመን እንዳለባቸው ያላወቁ ሰዎች ለአጭበርባሪ ይጋለጣሉ። መሠረተ ልማት፣ አቅም፣ ቋንቋና ዕውቀት፦ አራቱ ካልተያያዙ ድልድዩ አይቆምም።

የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ግምት መሠረት በዓለም ላይ 2.2 ቢሊዮን ያህል ሰው ኢንተርኔት አይጠቀምም። በሀገራችን ኢንተርኔት የሚጠቀመው ከአምስት ሰው አንድ ገደማ ነው። በአንጻሩ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች ቁጥር ከ80 ሚሊዮን በላይ ደርሷል። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል፦ ሲም ካርድ መያዝና ኢንተርኔት መጠቀም አንድ አይደሉም። ብዙው ሰው ስልክ አለው፤ ስልኩ ግን ድምፅ ለመስማትና ለማሰማት ብቻ የሚያገለግል ነው። ወደፊት የምናነሳቸው የመፍትሔ ሐሳቦች ይህን እውነታ መነሻ ያደረጉ ናቸው።

በሩ ወደ ስልክ ሲዞር

«ኢንተርኔት ለመዝናኛ ነው፤ ገጠሩ ቅድሚያ የሚያስፈልገው ዳቦና ሰላም ነው» የሚል አስተያየት በተደጋጋሚ እንሰማለን። ዳቦና ሰላም ይቅደሙ በሚለው እንስማማለን። ነገር ግን ባለፉት ጥቂት ዓመታት የዳቦው በር ራሱ ወደ ስልክ ዞሯል።

ጥቂት ምሳሌዎችን እናንሳ። ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2015 ዓ.ም. የፀደይ ወራት፣ ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ብቻ እንዲሸጥ ተደረገ፤ መጀመሪያ በአዲስ አበባ፣ ቀጥሎም በክልሎች። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የአሶሳ ባጃጅ ነጂ ጥሬ ብር በኪሱ ይዞ ማደያ ቢቆም አይሸጥለትም፤ ኔትወርክ በተቋረጠበት ቀን ደግሞ ሥራ መፍታት ማለት ነው። ፋይዳ ብሔራዊ መታወቂያም በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት ካገኘ ወዲህ የባንክ አገልግሎትን ጨምሮ በየዘርፉ መግቢያ ቁልፍ እየሆነ ነው።

በትምህርትም እንዲሁ ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር መሰጠት ተጀምሯል። በዚያው ዓመት ማለፊያ ውጤት ያመጡት 5.4 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመትም 3.2 ከመቶ። አዲስ አበባ ያለ ተማሪ የቆዩ ፈተናዎችን ከቴሌግራም አውርዶ፣ የማብራሪያ ቪዲዮ አይቶ ነው የሚዘጋጀው። በሸርቆሌ ወይም በኩርሙክ ገጠር ያለ ተማሪ ለዚያው ፈተና የሚቀመጠው መዳፊት ጨብጦ ሳያውቅ ሊሆን ይችላል። ፈተናው አንድ ነው፤ መነሻው ግን እኩል አይደለም።

ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር በመተባበር የተጀመረው «የ5 ሚሊዮን ኮደሮች» ሥልጠናም ነፃ ነው፤ ሰርተፊኬት ያስገኛል። እንዲህ ያለው ዕድል በጎ ነው። ሆኖም በነፃ የቀረበ ነገር እንኳን ለመድረስ ዳታ፣ መሣሪያና የእንግሊዝኛ ቋንቋ ይፈልጋል። እነዚህ በሌሉበት «ነፃ» የሚለው ቃል የሚጠቅመው ቀድሞውኑ ያለውን ሰው ነው። የክፍተቱ አደገኛ ገጽታም ይህ ነው፦ ቴክኖሎጂው በገሰገሰ ቁጥር ያለው ይጨመርለታል፣ የሌለው ደግሞ ቀድሞ በእጁ የነበረውን አገልግሎት ሳይቀር ያጣል።

መንገዱም መስመሩም ሲዘጋ

አሶሳ ከአዲስ አበባ በየብስ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ዋናው መንገድ በነቀምት፣ በጊምቢና በመንዲ አድርጎ የሚያልፍ ነው። በወለጋ በነበረው የፀጥታ ችግር ይህ መንገድ በተደጋጋሚ ሲስተጓጎል የከተማዋ ነዋሪ የሸቀጥ ዋጋ ሲንር፣ መድኃኒት ሲጠፋ፣ ተጓዥ መንገድ ላይ ሲቀር አይቷል። መተከልና ካማሺም በየተራቸው ብዙ ደም የፈሰሰባቸው፣ ብዙ ሕዝብ የተፈናቀለባቸው ዞኖች ናቸው። አላህ ለሞቱት ምሕረትን፣ ለተፈናቀሉት መመለስን ይስጥ።

መንገድ ሲዘጋ የስልክ መስመር ተስፋ ይሆናል። ግን መስመሩም የሚዘጋበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ወራት በምዕራብ ወለጋ ስልክና ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። በዚያው ዓመት ሰኔ መጨረሻ ላይ ደግሞ ከሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ በመላ ሀገሪቱ ኢንተርኔት ለሳምንታት ጠፋ። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ተዘግተው ቆዩ። በቴሌግራም ብቻ ደርስ ይከታተል የነበረ ሰው ለአምስት ወር ያህል ወይ ደርሱን አቁሟል፣ ወይ በቪፒኤን ተቸግሮ ቀጥሏል።

ከድንበሩ ማዶም ያየነው ተመሳሳይ ነው። በሱዳን ጦርነቱ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ከፈነዳ ወዲህ ብዙው ሕዝብ ከዘመድ የሚላክለትን ገንዘብ የሚቀበለው «ባንካክ» በሚባለው የካርቱም ባንክ የስልክ መተግበሪያ ነበር። በየሰፈሩ ለተራበው የሚያበስሉ የበጎ ፈቃደኞች ማዕድ ቤቶችም የሚንቀሳቀሱት በዚሁ በሚላክ ገንዘብ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 መጀመሪያ ላይ በአብዛኛው የሱዳን ክፍል ኔትወርኩ ሲጠፋ ድስቱም ከእሳት ወረደ። «ኢንተርኔት ለመዝናኛ ነው» ለሚል ሰው ከዚህ የበለጠ መልስ የለም።

ከሁለቱም የምንማረው አንድ ነው። መስመር ያስፈልጋል፤ መስመሩ እንዳይቋረጥ መጠየቅም መብት ነው። ግን ዕውቀታችንን በሙሉ በመስመሩ ላይ ብቻ ካንጠለጠልነው፣ መስመሩ በተበጠሰ ቀን ባዶ እጃችንን እንቀራለን። የወረደ፣ የተቀመጠ፣ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ስንቅ ያስፈልገናል።

ማጋራት ለእኛ አዲስ አይደለም

የሀገራችን ሙስሊም ዕውቀትን የሚያጋራው ከጥንት ጀምሮ ነው። ሸይኹ ኪታብ ይቀራል፣ ደረሳው ይገለብጣል፣ ገልብጦም ወደ ሌላ ሀገር ይዞ ይሄዳል። ማተሚያ ቤት ባልነበረበት ዘመን ዕውቀት ከወሎ እስከ ጅማ የደረሰው በዚህ መንገድ ነው። በኋላ ካሴት መጣ፤ ዳዕዋው በካሴት ተባዝቶ ገጠር ገባ። ከካሴት ሲዲ፣ ከሲዲ ሚሞሪ ካርድ፣ ከሚሞሪ ካርድ ቴሌግራም። ስልቱ ተቀያየረ እንጂ ልማዱ አልተቀየረም።

ከጥር 2004 ዓ.ም. ጀምሮ የተነሳው የ«ድምፃችን ይሰማ» እንቅስቃሴም የሚያስተምረን ነገር አለ። በወቅቱ በሀገራችን የኢንተርኔት ተጠቃሚው ቁጥር ከዛሬው እጅግ ያነሰ ነበር። ሆኖም በፌስቡክ ገጽ የሚወጣው መልእክት ስልክ የሌላቸው እናቶችና ሽማግሌዎች ዘንድ ሳይቀር ይደርስ ነበር። እንዴት? አንዱ ያነበበውን ለአሥር ሰው ስለሚነግር፣ መስጊድ ደግሞ ሁሉም የሚገናኝበት ቦታ ስለሆነ ነው። ኢንተርኔቱ መልእክቱን እስከ ከተማ አደረሰ፤ ቀሪውን መንገድ የጨረሰው የጀመዓው ትስስር ነው። ያኔ ለመብት ጥያቄ የተጠቀምንበትን ይህን ትስስር ዛሬ ለትምህርት፣ ለጤናና ለእርሻ መረጃ ለምን አንጠቀምበትም?

ሒሳቡን እንሥራው

ነገሩ ከሐሳብ ወደ ሥራ እንዲወርድ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። የአንድ ሰዓት ደርስ በንግግር ጥራት በድምፅ ብቻ ሲቀዳ 15 ሜጋ ባይት ያህል ይይዛል። ያው ደርስ በመካከለኛ ጥራት በቪዲዮ ሲሆን 300 ሜጋ ባይት ይደርሳል። ይህ ማለት የአንዱ ቪዲዮ ዳታ ሃያ ሰዓት ድምፅ ያወርዳል ማለት ነው። የኡስታዙን ፊት ማየት መልካም ነው፤ ነገር ግን ደርስ የሚለቅቁ ቻናሎቻችን ከቪዲዮው ጎን ድምፁን ብቻውን በትንሽ መጠን ቢለቅቁ፣ ያለ ምንም ተጨማሪ ወጪ የገጠሩን አድማጭ ሸክም በብዙ እጥፍ ያቀልላሉ።

ባለ 32 ጊጋ ባይት ሚሞሪ ካርድ ደግሞ እንዲህ ያለ ድምፅ 2,000 ሰዓት ያህል ይይዛል። በቀን አንድ ሰዓት ቢደመጥ ከአምስት ዓመት በላይ ነው። ሙሉ የቁርኣን ቲላዋ፣ የተጅዊድ ትምህርት፣ የፊቅህ ኪታቦች ማብራሪያ፣ የትምህርት ሚኒስቴር መጻሕፍት፣ ያለፉ ዓመታት ብሔራዊ ፈተናዎች፣ የእናቶችና የሕፃናት ጤና ትምህርት ከጥፍር በማይበልጥ ካርድ ላይ ይቀመጣሉ። ከአዲስ አበባ ወደ አሶሳ የሚበር አንድ መንገደኛ በኪሱ ይዞት የሚሄደው ዕውቀት በደካማ ኔትወርክ ቢወርድ ሳምንታት ይፈጃል። ካርዱ ከደረሰ በኋላ ከስልክ ወደ ስልክ በብሉቱዝ፣ በሼርኢትና በዜንደር ማስተላለፍ ወጣቱ የሚያውቀው ነገር ነው፤ ዳታም አይበላም።

ከዚህ አንድ ደረጃ ከፍ የሚል ነገርም አለ። «ራዝበሪ ፓይ» የሚባል የእጅ መዳፍ የሚያክል ኮምፒውተር አለ። የሚጠቀመው ኃይል ከአንድ አምፖል ብዙ ስለማይበልጥ በአነስተኛ የፀሐይ ኃይል ይሠራል። በላዩ ላይ እንደ «ኪዊክስ» እና «ኮሊብሪ» ያሉ ነፃ ፕሮግራሞች ይጫናሉ። ኪዊክስ ዊኪፔዲያን ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል፤ ኮሊብሪ የትምህርት ቪዲዮዎችንና መልመጃዎችን ያቀርባል። ሣጥኑ በአካባቢው ዋይፋይ ያሰራጫል፤ በዙሪያው ያለ ሰው በስልኩ ተገናኝቶ ያለ ኢንተርኔትና ያለ ክፍያ ያነብባል፣ ያዳምጣል። በስደተኞች ካምፖችና በገጠር ትምህርት ቤቶች በብዙ የዓለም ክፍል እየተሠራበት ያለ ዘዴ ነው።

ይህን ሣጥን የት እናስቀምጠው? በብዙ የገጠር መንደሮቻችን ለማይክሮፎን ሲባል ሶላር ያለው፣ ሰው በቀን አምስት ጊዜ የሚመላለስበት፣ የሚጠብቀው ሰው ያለው አንድ ቦታ አለ፦ መስጊድ። ከሶላት በኋላ በመስጊዱ ግቢ ተቀምጦ የነገ ትምህርቱን የሚያወርድ ተማሪ ማየት ከኸልዋና ከሐሪማ ታሪካችን የራቀ አይደለም።

ፕላዝማው ያስተማረን

ይህን ስንል ቴክኖሎጂን እንደ ተአምር አድርገን አይደለም። ሀገራችን መሣሪያ ብቻውን እንደማይበቃ በውድ ዋጋ ተምራለች። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የ«ፕላዝማ» ትምህርት ተጀመረ። በሳተላይት የሚተላለፈው ትምህርት በእንግሊዝኛ ነበር፤ ይፈጥናል፤ ያልገባው ተማሪ አቁሙልኝ ማለት አይችልም። መብራት ሲጠፋ ትምህርቱ ያልፋል። መሣሪያው ሲበላሽ የሚጠግነው ይታጣል። መምህሩም በገዛ ክፍሉ ተመልካች ሆነ። በኮቪድ ጊዜ፣ መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች ሲዘጉና ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ቤቱ ሲቀመጥም፣ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም የተሰጠው ትምህርት የደረሰው ቴሌቪዥንና ስልክ ላለው ነው።

በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2012 አካባቢ በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ለሚኖሩ፣ ትምህርት ቤት ላልገቡ ሕፃናት ታብሌቶች ተሰጥተው ነበር። ልጆቹ ያለ መምህር ከፍተው መጠቀም ቻሉ። ቻርጁ በፀሐይ ኃይል ነበር። ኢንተርኔት ስላልነበረ ባለሙያ በየሳምንቱ እየሄደ ሚሞሪ ካርዱን ይለዋውጥ ነበር። ከሁለቱ ታሪኮች የምናገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ችግሩ የልጆቻችን አእምሮ አይደለም። የሚያስፈልገው በየጊዜው እየሄደ የሚያድስ፣ የሚጠግን፣ የሚያስረዳ ሰው ነው። ስለዚህ ለሣጥኑ ገንዘብ ከመሰብሰብ በፊት ሣጥኑን የሚይዘው ማን ነው የሚለው መመለስ አለበት። አለዚያ ከሁለት ዓመት በኋላ አቧራ ለብሶ የሚገኝ ሌላ «ፕላዝማ» ነው የምናተርፈው።

በማን ቋንቋ?

ክልሉ በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ የሚባሉ ነባር ሕዝቦች፣ እንዲሁም አማራ፣ ኦሮሞ፣ አገውና ሌሎችም የሚኖሩበት ነው። አማርኛ የሥራ ቋንቋው ነው። ይሁንና ከተማ ያልወጣች የበርታ እናት ቤት የሚነገረው በርታኛ ነው።

ጎግል የትርጉም አገልግሎቱ ላይ አማርኛን ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2016፣ ኦሮምኛና ትግርኛን ደግሞ በ2022 ነው። በርታኛና ጉሙዝኛ እዚያ ለመድረስ ገና ብዙ ይቀራቸዋል፤ ምክንያቱም ማሽን የሚማረው ከተጻፈና ከተቀዳ ነገር ነው። በቋንቋው የተጻፈ ከሌለ ማሽኑ አያውቀውም፤ ማሽኑ ካላወቀው ደግሞ ወጣቱ ቋንቋውን እየተወ ይሄዳል።

የእርሻ ምክር የሚሰጠው 8028 የስልክ መስመር እዚህ ላይ ጥሩ ማሳያ ነው። በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው ይህ አገልግሎት ኢንተርኔትም ስማርት ስልክም አይፈልግም። አርሶ አደሩ በተራ ስልክ በነፃ ይደውላል፤ የተቀዳ ድምፅ ስለ ሰብሉ ይነግረዋል። ማንበብ የማይችልም ይጠቀማል። ሲጀመር በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ ነበር። አሶሳ በማንጎዋ የታወቀች ናት፤ የማንጎ ነጭ ተባይ ደግሞ ከወለጋ ተነስቶ የአካባቢውን አምራች ሲያስለቅስ ቆይቷል። ስለዚህ ተባይ በበርታኛ የሚነገር አሥር ደቂቃ የድምፅ ቅጂ ለመሥራት የሚያስፈልገው አንድ የግብርና ባለሙያ፣ አንድ ተርጓሚና አንድ ስልክ ነው። በርታኛን በላቲን ፊደል መጻፍና በትምህርት ቤት ማስተማር ስለተጀመረ ተርጓሚ አይጠፋም። የአሶሳ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና የአካባቢው ኡስታዞች ይህን ለመሥራት ከሁላችንም የቀረቡ ናቸው።

ከበሩ ውጭ የሚቀሩት

ሣጥኑን መስጊድ እናስቀምጥ ስንል አንድ ጥያቄ ራሳችንን እንጠይቅ፦ ሴቶችስ? በብዙ ገጠር መስጊዶቻችን ለሴቶች በቂ ቦታ የለም። ቤት ውስጥ አንድ ስማርት ስልክ ካለ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚይዘው ባል ወይም ወንድ ልጅ ነው። ሣጥኑ ወንዶች ብቻ የሚደርሱበት ከሆነ የከተማና የገጠሩን ክፍተት አጥብበን የወንድና የሴቱን እናሰፋለን። ስለዚህ ለሴቶች የተለየ ሰዓትና ቦታ፣ በሴት ኡስታዛዎችና በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እጅ የሚዞሩ ሚሞሪ ካርዶች ከመጀመሪያው መታሰብ አለባቸው።

ጎረቤትም አለ። ስለ ፈተና፣ ስለ ወባና ስለ እርሻ የተጫነው ትምህርት ለክርስቲያኑም፣ ነባር እምነቱን ለያዘውም ጎረቤት ክፍት መሆን አለበት። ብዙ ቂም ባየ ክልል ውስጥ አብሮ የሚገለገሉበት ነገር መኖሩ ራሱን የቻለ የሰላም ሥራ ነው።

ስደተኞችም አሉ። ሸርቆሌ፣ ባምባሲ፣ ቶንጎና ጾሬ ካምፖች ለዓመታት ስደተኞችን አስጠልለዋል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከሱዳን ለሚመጡት የኡራ መጠለያ ተከፍቷል። ከእነዚህ መካከል መምህራን፣ ሐኪሞችና ትምህርታቸው የተቋረጠ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አሉ። ለእነርሱ ስልክ የጠፋ ዘመድ መፈለጊያ ነው። በዓረብኛ የሚያስተምሩ መምህራን አሉ፤ የሚያስፈልጋቸው የዓረብኛ መማሪያ ነው። ተቀባዮች ብቻ አድርገን አንያቸው፤ ሊያስተምሩን የሚችሉት ብዙ ነገር ይዘው መጥተዋል።

አማናው

ማጋራት አማና ነው። ሳይጣራ የሚተላለፍ ወሬ በዚህ ክልል ሰው እንደሚያስገድል ተመልክተናል። ቁርኣን በሱረቱል ሑጁራት ዜና ሲመጣ እንድናጣራ፣ ባለማወቅ ሰዎችን ጎድተን እንዳንጸጸት ያስጠነቅቀናል። «እንደደረሰኝ» ብሎ ማስተላለፍ ከኃላፊነት አያድንም። በሚሞሪ ካርድ የሚዞር ነገር ደግሞ አንዴ ከወጣ በኋላ ማረሚያ አይከተለውም፤ ቴሌግራም ላይ እንደምናጠፋው አናጠፋውም። ስለዚህ በካርዱ ላይ የሚጫነው በታመኑ ዓሊሞችና በባለሙያዎች የታየ፣ ማን እንዳዘጋጀውና መቼ እንደተዘጋጀ የተጻፈበት ይሁን።

ሌላው አማና የሰው ገንዘብና ምሥጢር ነው። አንዲት እናት ከልጇ የተላከላትን ብር ለማውጣት የቴሌብር ምሥጢር ቁጥሯን ለሱቅ ልጅ ስትነግር የምናይበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ከጁምዓ በኋላ አሥር ደቂቃ ወስዶ «ምሥጢር ቁጥር ለማንም አይነገርም፤ ሽልማት ደርሶሃል ብሎ የሚደውል ሌባ ነው» ብሎ የሚያስረዳ ወጣት ቢኖር የስንቱ ገንዘብ በተረፈ።

ማን ምን ይሥራ?

በመጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ሚሞሪ ካርድና ሣጥን ለመንግሥትና ለቴሌኮም ኩባንያዎች ማምለጫ አይሆኑም። ከግድቡ ጎን ያለ መንደር መብራት ማግኘቱ፣ ነዳጅም ባንክም በኔትወርክ ከሆነ ኔትወርኩ መድረሱ፣ በፀጥታ ስም ለወራት አለመቆረጡ የዜጋ መብት ነው። ሳፋሪኮም መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አገልግሎቱን ሲጀምር ብዙዎቻችን ውድድሩ ዋጋ ይቀንሳል፣ ሽፋን ያሰፋል ብለን ተስፋ አድርገናል። ውድድር በራሱ የሚሄደው ትርፍ ወዳለበት ነው፤ ትርፍ ወደሌለበት ጠረፍ እንዲሄድ የሚያደርገው የተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ግፊት ነው። ይህን መጠየቅ አናቋርጥ። ካርዱና ሣጥኑ መልሱ እስኪመጣ ልጆቻችን እንዳይቀሩ የሚያግዙን ናቸው።

ከእኛ በኩል ግን ሰበብ የለንም። መጅሊሱ በሰኔ 2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1207/2012 ሕጋዊ ሰውነት አግኝቷል፤ እስከ ወረዳ የሚወርድ መዋቅርም አለው። በአሶሳ ዞን በጥቂት መስጊዶች ሙከራ ቢጀመርና የሚሠራው ከማይሠራው ከተለየ በኋላ ቢስፋፋ ይችላል። ባለ ሀብቶች መስጊድ ሲያሠሩ ምንጣፍና ማይክሮፎን እንደሚያስቡ ሁሉ አንድ ሣጥንና አንድ ሶላር በወቅፍ መልክ ቢያስቡ፣ ጠቃሚ ዕውቀት ከሞት በኋላም ምንዳው የማይቋረጥ ሥራ መሆኑን ሁላችንም የምናውቀው ነው። የዘካ ገንዘብ ለዚህ ይውላል ወይስ አይውልም የሚለውን ለዓሊሞች እንተዋለን፤ ሰደቃውና ወቅፉ ግን ክፍት ነው። በውጭ የሚኖሩ ወገኖቻችን ያገለገሉ ስልኮችን ከማስቀመጥ አጽድተው ቢልኩ አንዱ ስልክ ለአንድ ኸልዋ ቤተ መጻሕፍት ይሆናል። ቻናል ያላችሁ ኡስታዞችና የሚዲያ ወንድሞች ደግሞ ከዛሬ ጀምራችሁ ድምፁን በትንሽ መጠን ልቀቁልን። ይህ ገንዘብም ፈቃድም አይፈልግም።

ለአዲስ አበባ አንባቢያችን ደግሞ አንድ ቀላል ጥያቄ አለን። በስልክህ ላይ ያወረድከው፣ ሰምተህ የጨረስከው ስንት ሰዓት ደርስ አለ? ልጅህ ፈተናውን አልፎ የተዋቸው ስንት የመልመጃ ፋይሎች አሉ? ወደ አሶሳ፣ ወደ ባምባሲ፣ ወደ መንጌ የሚሄድ ሰው ስታገኝ በአንድ ካርድ ላይ አድርገህ ብትሰጠው ለአንተ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። እዚያ ላለው ተማሪ የአንድ ዓመት ስንቅ ሊሆን ይችላል።

ለነቢያችን ﷺ በመጀመሪያ የወረደው ቃል «ኢቅራእ» ነው። ያ ቃል ኔትወርክ ላለው ብቻ አልወረደም። አላህ ሀገራችንን ሰላም ያድርግልን፣ ያወቅነውን ከማያውቁት ጋር የምንጋራ ያድርገን። ወሏሁ አዕለም።